ገጠር ያሉ እናትና አባታችሁን ሴፍቲኔት ለማስገባት፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ስንዴው ስፍር

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ከጅዳ ደወለችልኝ። እናቷ የሚኖሩት እኔ በሠራሁበት ቀበሌ ነው። «እማዬን ሴፍቲኔት አይገባሽም ብለዋታል። ልጅሽ ዓረብ አገር ናት ይሏታል። እኔ እኮ ከላክሁ ስምንት ወር ሆኖኛል» አለችኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን።

እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ይደርሰኛል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከቤይሩት፣ ከሪያድ። ጥያቄው ያው ነው፦ መንግሥት በየዓመቱ ለሚቸገር የገጠር ቤተሰብ የሚሰጠውን የእህል ወይም የብር ድጋፍ፣ ሴፍቲኔትን፣ ወላጆቼ እንዴት ያግኙ? መልሴም ያው ነው። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ከ2007 እስከ 2012 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ደጋ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ገበሬው ዲኤ ነው የሚለን። ስለ ዘርና ማዳበሪያ ከማስተማር ሌላ የሴፍቲኔት ምልመላ ኮሚቴ ውስጥም ነበርኩ። ስም ጽፌያለሁ፣ ስም ሰርዣለሁ፣ እርከን ለክቻለሁ፣ ስንዴ ሲሰፈር ቆሜ ቆጥሬያለሁ። እናቴ በ77ቱ ድርቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ባቲ መጠለያ ውስጥ ሁለት ታናናሾቿን ቀብራለች። ስለ ኪሎና ስለ ወር አጥብቄ የማወራው ለዚህ ነው።

ሴፍቲኔት ከየት መጣ

በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ያኔም ሆነ ከዚያ በፊት አካሄዱ አንድ ዓይነት ነበር። ዝናቡ ይቀራል፣ መንግሥት ለጋሾችን ይማጸናል፣ እህሉ ባሕር አቋርጦ ይመጣል። እስኪመጣ ገበሬው በጉን ይሸጣል፣ ከዚያ ላሟን፣ መጨረሻ ላይ በሬውን። ስንዴው ሲደርስ ሰውየው በሕይወት አለ። የሚያርስበት ግን የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢዘንብም ይራባል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥትና ለጋሾች ሌላ መንገድ ያዙ። በየዓመቱ እንደሚቸገር የታወቀ ቤተሰብ፣ ድርቅ እስኪታወጅ ሳይጠብቅ፣ በየዓመቱ በታወቀ ወር ድጋፍ ያግኝ ተባለ። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት በመላ አገሪቱ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታቅፎ ነበር።

ሁለት በር አለው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት እርከን እየሠራ፣ ችግኝ እየተከለ፣ መንገድ እየጠረገ ስፍሩን ይቀበላል። መሥራት የሚችል የሌለበት ቤት ደግሞ ያለ ሥራ ይሰፈርለታል። ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። የሁለቱን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ለከተማው በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረ ሌላ ፕሮግራም አለ። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ደውሉ፤ «ተርባችኋል ወይ?» ግን አትበሉ

የወሎ እናት ተርቤያለሁ አትልም። ክርስቲያኗ «ይመስገን» ትላለች፣ ሙስሊሟ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ልጇ በሰው አገር እንዳይጨነቅባት ጎታው ባዶ ሆኖም «ሞልቶልናል» ትላለች። አንዳንዴም ለናንተ ያለችውን ለኮሚቴውም ትደግመዋለች። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ስለዚህ ስለ እህሉ ጠይቋት። «የመኸሩ ገብስ በስንት ወር አለቀ?» በሏት። ወሩ ከጠፋት በበዓል አስታውሷት። ለጥምቀት የጋገርሽው ከቤት እህል ነበር ወይስ ከገበያ? ለፋሲካስ? ለግንቦት ልደታስ? ለሰኔ ሚካኤልስ? የሙስሊም ቤት ከሆነ ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዞር በእሱ አይቆጠርም። በእርሻው ጠይቁ። የመኸር እርሻ ሲጀመር ጎታ ውስጥ ምን ነበር? ጤፍ ሲዘራ ከማን ተበደራችሁ?

ቀጥሎ ስለ ምልክቶቹ። ዘር ተበልቷል ወይ? ሴት በግ ተሸጣለች ወይ? ወንዱን መሸጥ የወትሮ ነው፤ ሴቷን ገበያ ያወጣ ቤት ግን ጨንቆታል። ቤት ውስጥ እንጀራ ቀርቶ ንፍሮ የተያዘው ከመቼ ጀምሮ ነው? አባት ወይም ወንድም ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዷል ወይ? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል ወይ? መሬቱ ለእኩል ተሰጥቷል ወይስ ራሳቸው አርሰዋል? በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ምርቱም በግማሽ ይቀራል። ይህን ከተማ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። «አባቴ እኮ አራት ጥማድ መሬት አለው» ይለኛል። አራት ጥማዱ ለእኩል ሲሰጥ ሁለት ጥማድ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለሦስት ዓመት ጠይቁ። መስፈርቱ እንዲህ ነው የሚለው፦ ቤተሰቡ በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የነበረበት። ወይም ደግሞ ድንገት ከብቱን ወይም ንብረቱን አጥቶ የወደቀ። እና ሌላ የሚደግፈው የሌለው።

የነገሯችሁን በአጭሩ ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

2015፦ ገብስ እስከ የካቲት። ከመጋቢት እስከ መስከረም ከገበያ። በሰኔ ሴት በግ ተሸጠች።
2016፦ ገብስ እስከ ጥር። ባቄላ ከጎረቤት ብድር። ዘር ተበላ።
2017፦ መሬቱ ለእኩል ተሰጠ። እስከ መጋቢት። አባት ለሁለት ወር መተማ።

ይህን ወረቀት ማንበብ ለሚችል ለጎረቤት ልጅ በስልክ አጽፉት። እናታችሁ ስብሰባ ስትሄድ ይያዝላት።

ለምን ይህን ያህል ትኩረት ሰጠሁት? ኮሚቴ ፊት ሁሉም ሰው «ቸግሮኛል» ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው። ደጋው ላይ ያልቸገረው የለም። አንዲት እናት ግን አንድ ቀን ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «በግንቦት ከእሷ ሁለት ጣሳ ባቄላ ተበድሬያለሁ፣ ይቺው እዚህ ተቀምጣለች ትናገር። በሰኔ ደግሞ ዘሬን ቆልቼ ለልጆቼ ሰጥቻለሁ»። ጎረቤቷ ራሷን ነቀነቀች። ማንም አልተከራከረም። እኔም ስሟን ጻፍኩ። ወርና ምስክር ያለው ችግር ይሰማል።

ነፍስ ቆጠራ

ስፍሩ በቤት አይደለም፣ በሰው ቁጥር ነው። በእኔ ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነበር። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 75 ኪሎ እህል ያገኛል። በስድስት ወር አራት ኩንታል ተኩል ይሆናል። አንድ ልጅ ሳይጻፍ ከቀረ 90 ኪሎ ቀረ ማለት ነው። በሰኔ 90 ኪሎ ስንዴ የአንድ በሬ ነፍስ ነው። መመሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ዲኤውን ጠይቁ። በአንዳንድ ቦታ ለአንድ ቤት ከአምስት ሰው በላይ አይሰፈርም።

የሚረሱት እነማን ናቸው? ካለፈው ምዝገባ ወዲህ የተወለዱ ሕፃናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናታቸው ዓረብ አገር ሄዳ አያታቸው ጋር የቀሩ ልጆች። ብዙ አያቶች እነዚህን ልጆች ሲያስጽፉ አላየሁም። «የልጄ ናቸው እንጂ የኔ አይደሉም» ይላሉ። ከዚያው ጎታ የሚበሉ ከሆነ የቤቱ ነፍስ ናቸው። ልጆቻችሁን እናታችሁ ጋር ትታችሁ የሄዳችሁ እህቶቼ፣ ዛሬውኑ ደውሉና ተጽፈው እንደሆነ ጠይቁ።

የሌለ ሰው ግን አታስጽፉ። ዩኒቨርሲቲ ያለውን፣ ሪያድ ያለችውን፣ አግብታ የወጣችውን። ዝርዝሩ በአደባባይ ይነበባል። አንድ ስም ውሸት ሆኖ ሲገኝ የእውነቶቹም ስሞች አብረው ይጠረጠራሉ።

ሽማግሌ ወላጅ ላላችሁ፦ በየትኛው በር?

እንደምመለስበት ያልኩት ይህ ነው። የሥራው ተጠቃሚ የሚሰፈርለት ከጥር እስከ ሰኔ፣ ስድስት ወር ነው። በእኔ ጊዜ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ዓመቱን ሙሉ ይሰፈርለት ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ያሉበት ቤት በሥራ ከተመዘገበ በዓመት 180 ኪሎ እህል ያገኛል፣ በቀጥታ ድጋፍ ከሆነ 360። እና ደግሞ የ70 ዓመት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ክትር አይሠራም።

ብዙ አባቶች ግን «ልመና ይመስላል» ብለው በሥራ ይጻፋሉ። አካፋ ይዘው ይመጣሉ። አንዱን አባት እርከን ላይ ተቀምጠው ሲያለከልኩ አግኝቻቸው ወደ ቤት ልሸኛቸው ብል እንቢ አሉኝ። «ሳልሠራ አልበላም» አሉ። ልጃቸው ከኮምቦልቻ በስልክ ለምኖ ነው ያሳመናቸው። የናንተ ቃል ከእኛ ቃል በላይ ይሰማል።

የዕድሜ ችግርም አለ። ያን ዘመን የተወለደ የገጠር ሰው የልደት ወረቀት የለውም። ዕድሜ በዘመን ነው የሚቆጠረው። «በ66ቱ ድርቅ በግ ትጠብቂ ነበር ወይ?» በሏት። ያኔ የስምንት ዓመት እረኛ ከነበረች በ2018 ዓ.ም. 60 ሞላት። ይህንን ስሌት ለኮሚቴው ማስረዳት ይቻላል፣ የዕድሜ እኩያ ምስክር ደግሞ አይጠፋም።

ነፍሰ ጡርም አትሠራም። በእኔ ጊዜ እርግዝናው ጤና ኬላ ከተመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ሕፃኑ ዓመት እስኪሞላው ከሥራ ነፃ ናት፣ ስፍሯ ግን አይቋረጥም ነበር። ለዚህ የክትትል ካርዷ ያስፈልጋል። ስለዚህ እህታችሁ ወይም የወንድማችሁ ሚስት ካረገዘች «ጤና ኬላ ሄድሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የእህልም ጥያቄ ነው።

ለሚሠሩት ቀኑ እንዲህ ይሰላል። ለአንድ ነፍስ በወር አምስት ቀን። አምስት ነፍስ ያለው ቤት 25 ቀን። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን እንዲሸከም አይደለም፤ እኔ የሠራሁበት መመሪያ አንድን ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ ማሠራት ይከለክል ነበር። እናታችሁ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ከሆነ ይህን ቁጥር ትወቀው። ሴቶች አርፍደው መግባትና ቀድመው መውጣትም ይፈቀድላቸዋል።

ስብሰባው ቀን

ምልመላው አብዛኛውን ጊዜ መኸሩ ከታየ በኋላ፣ ጥር ሳይገባ ነው የሚካሄደው። ቀኑን ከዲኤው ወይም ከጎጡ ተጠሪ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ኮሚቴው ውስጥ ዲኤ፣ የተመረጡ ሴቶችና ወንዶች፣ የወጣት ተወካይና ሽማግሌ ይኖራሉ። ዝርዝሩን ካዘጋጁ በኋላ ለሕዝብ ያሳዩታል፣ በጉባኤም ይነበባል። ሰው «እገሌ ለምን ገባ፣ እገሊት ለምን ቀረች» የሚልበት ቦታ እሱ ነው።

መቅረት የለም። ይህን የምለው በደረሰ ነገር ነው። አንድ ዓመት ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ስሟ ሲነሣ አንድ ሰውዬ «የሷ ልጅ ቤይሩት ናት» አለ። እናትየው የገበያ ቀን ስለነበር ጭድ ልትሸጥ ሄዳለች። የሚመልስላት ሰው አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ኮታው ሞልቷል፣ መሽቷል፣ ዝርዝሩ መዘጋት አለበት። ስሟን ዘለልኩ። ልጅቷ ቤይሩትን ከለቀቀች ሁለት ዓመት እንደሆናት፣ ወደ ሌላ አገር እንደሄደች፣ ለእናቷም ምንም እንደማትልክ ያወቅሁት በነሐሴ ነው። እናትየው ቤት ስገባ ታናሹ ልጅ በረሃብ እግሩ አብጦ ተኝቷል። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ተረፈ። የእናቲቱ ፊት ግን አልጠፋኝም። ያን ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሷን እንጠይቅ» ቢል ኖሮ በቂ ነበር።

ስለዚህ እናታችሁ ካልቻለች የሚናገርላት ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አጎት፣ የዕድር ሰው፣ ጎረቤት። ወረቀቱን ያንብብላት።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። ሊቀመንበሩን በስልክ አትለማመጡ፣ ለኮሚቴ አባል ብር አትላኩ። ለቀበሌው የሚመጣው ቁጥር የተወሰነ ነው። የተቸገረው ሰው ሁልጊዜ ከቁጥሩ ይበልጣል። ይህ የሴፍቲኔት ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል፤ መስፈርቱን የሚያሟላ ሁሉ አይገባም። እናታችሁን በስልክ ስታስገቡ አንዲት ሌላ እናት በዚያው ቅጽበት ትወጣለች። ስሟን ታውቁት ይሆናል። በሕፃንነታችሁ ቆሎ የሰጠቻችሁ ሴት ልትሆን ትችላለች።

«ልጅሽ ዓረብ አገር ናት» ሲባል

አትዋሹ። እውነቱን በቁጥር ተናገሩ። የምትልኩት በዓመት ሁለቴ ለበዓል ከሆነ፣ ሁለቴ ነው በሉ። የመጨረሻው መቼ ነበር? የላካችሁበት ደረሰኝ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው። ከዚያ ብሩን ወደ እህል ቀይሩት። የላካችሁት በሰፈራችሁ ገበያ ስንት ኪሎ ገብስ ይገዛል? ቤቱን ለስንት ሳምንት ያበላል? «ልጄ ልካለች፣ የገዛሁት እህል አምስት ሳምንት በላን፣ የቀረውን ሰባት ወር ይኸው» ስትል ኮሚቴው የሚመዝነው ነገር ያገኛል።

በየወሩ በቂ ብር የምትልኩ ከሆነ ግን ቦታውን ለሌላው ተዉት። ይህን ስል አንዳንዱ ይቆጣኛል። እኔ ግን ተራ ጠብቀው የተመለሱትን አይቻለሁ።

ካርዱና ስፍሩ

ስም ከገባ በኋላ ቤተሰቡ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ በነፃ ነው፣ ብር ከተጠየቃችሁ ትክክል አይደለም። ባልና ሚስት ሁለቱም ስማቸው ይኑርበት። የሚስቲቱ ስም ከሌለ፣ ባል መተማ በወረደ ጊዜ እህሉ መጋዘን ይቀራል። ካርዱን ለማንም ማስያዝ አይገባም፣ ለአራጣ አበዳሪም ለዱቤ ሱቅም። የካርዱ ጀርባ ላይ መብትና ግዴታ ታትሟል። እቤት ውስጥ ተማሪ ካለ ጮክ ብሎ ለሁሉም ያንብብ።

እህሉ የሚሰፈርበት ቦታ ሩቅ ሊሆን ይችላል። አህያ የሌለው ቤት የሚወክለው ሰው ያስፈልገዋል፣ ውክልናውም ቀድሞ ለዲኤ ይነገር። ስፍሩ ቀን ከመጋዘኑ ደጃፍ ነጋዴ ቆሞ ይጠብቃል። የወፍጮ ወይም የአህያ ኪራይ ያጣ ሰው እዚያው ግማሹን በርካሽ ይሸጣል። እዚህ ላይ ከናንተ ትንሽ ብር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። የወፍጮና የጭነት ብር ከስፍሩ ቀን በፊት ይድረሳቸው። ያቺ ብር ስንዴውን በርካሽ ከመሸጥ ታድናለች።

ከስንዴው ላይ የሚቆረጥ መዋጮ የለም። ለመንገድ ነው፣ ለማዳበሪያ ዕዳ ነው፣ ለስፖርት ነው ቢባልም። የተሰፈረላቸውን ሳይመዝኑ አይፈርሙ። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ እህል ከታለመለት ሰው ውጪ ሄዷል ብለው በመላ አገሪቱ ስርጭቱን ለወራት አቁመው ነበር። የተራቡት የሰረቁት ሰዎች አልነበሩም። ፊርማው ከኪሎው ጋር ሲገጥም እናታችሁም መንደሩም ይጠበቃሉ።

በአንዳንድ ወረዳ የሚከፈለው በብር ነው፣ በአንዳንዱ በእህል፣ በአንዳንዱ የመጀመሪያዎቹ ወራት በብር የኋለኞቹ በእህል። ምርጫው የወላጆቻችሁ አይደለም፣ ግን አጠቃቀሙን ማወቅ ጥሩ ነው። በጥር ብር ደህና ነው፤ እህል ረክሷል። በግንቦትና በሰኔ ያው ብር ያን ያህል አይገዛም። የጥር ወሩን ብር እንደተቀበሉ እህል ገዝተው ያስቀምጡ።

ሲዘገይ

ይዘገያል። የጥር ስፍር በመጋቢት፣ የመጋቢቱ በግንቦት የመጣበትን ዓመት አስታውሳለሁ። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ በብዙ ቦታ ጭራሽ የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። ስንዴው በመጨረሻ ቢደርስም በሁለቱ ወር ውስጥ ሴቷ በግ ተሸጣለች። የድጋፉ ዋናው ነገር ብዛቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ሴፍቲኔት የተፈጠረው በሬው ከመሸጡ በፊት እንዲደርስ ነበር።

የናንተም ብር እንዲሁ ነው። አብዛኛው ልጅ የሚልከው ለገናና ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ ለሠርግ ነው። እኔ ብትሰሙኝ ሁለት ጊዜ ነው የምላችሁ። አንዱ በጥር፣ እህል በርካሽ ተገዝቶ እንዲቀመጥ። ሌላው ስፍሩ ሲዘገይ፣ «በግ አትሽጡ፣ እኔ አለሁ» ለማለት። ለሁለተኛው ትንሽ ብር ለብቻ አስቀምጡ። በየወሩ መጨረሻ «የዚህ ወር ደረሰ ወይ?» ብላችሁ ደውሉ። ካልደረሰ ዲኤውን ስልኩን ጠይቁና በትሕትና አናግሩት። እሱም ከወረዳ እየጠበቀ ይሆናል፤ ሰዎች ከሩቅ እንደሚከታተሉ ሲያውቅ ግን እሱም ወደ ላይ ደጋግሞ ይደውላል። እኔ እንደዚያ አደርግ ነበር።

ስም ከቀረ

በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። መልማዮቹና ቅሬታ ሰሚዎቹ አንድ ሰዎች መሆን የለባቸውም። አንድ ከሆኑ ይህን ራሱን ቅሬታ አድርጉት። ቅሬታው በጽሑፍ ይሁን። ረጅም አይሁን። ስም፣ ጎጥ፣ የነፍስ ብዛት፣ የሦስቱ ዓመት ወራት፣ ሁለት ምስክር። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ ተቀብላችሁ ያዙ። መልስ ካልመጣ በዚያው ቅጂ ወደ ወረዳው የምግብ ዋስትና ክፍል ይኬዳል። «እገሌ ሀብታም ሆኖ ገባ» የሚል ነገር አትጻፉበት። ያ ጠብ ይሆናል፣ የናንተ ጉዳይም እዚያው ይቀራል። ስለ ራስ ብቻ ይጻፍ።

ቅሬታ ካቀረቡት ቤቶች የተመለሱትን አይቻለሁ፣ ያልተመለሱትንም። ያልጠየቀ ቤት ግን በሚቀጥለው ዓመትም ሲዘለል ነው ያየሁት።

ሌላ ደግሞ ምረቃ የሚባል አለ። ቤቱ ራሱን ችሏል ተብሎ ይወጣል። ራሱን ችሎ ዓመቱን ያለ ስፍር መብላት ለቻለና ትንሽ መናጋትንም ለሚቋቋም ቤት ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያሉ ጥቂት ቤቶችን በደስታ መርቀናል። ነገር ግን አንዳንድ ዓመት «ይህን ያህል አስመርቁ» የሚል ቁጥር ከላይ ይመጣ ነበር። አንድ ላምና ጥቂት ዶሮ ያለው ሰው ተመራቂ ይሆናል። ከዚያ 2008 ዓ.ም. መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ በአገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ታወጀ። ካስመረቅናቸው ውስጥ ወረፋ ላይ ያገኘኋቸው ነበሩ። ስለዚህ ወላጆቻችሁ «ተመረቁ» ከተባሉ እንኳን ደስ አላችሁ ከማለታችሁ በፊት ያንን የወር ወረቀት አውጡ። ባለፈው ዓመት ያለ ስፍሩ ስንት ወር ይበሉ ነበር? አሥራ ሁለት ካልሞላ ምረቃው ላይም ቅሬታ ይቀርባል።

የጅዳዋ ልጅ ትናንት ደውላ ነበር። ከእናቷ ጋር ሦስቱን ዓመት ቆጥረዋል። አምስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ሰባት ወር። ያልተጻፈ የልጅ ልጅም ተገኝቷል፣ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ። ወረቀቱን የጎረቤት ተማሪ በሁለት ቅጂ ጽፎታል። ቅሬታ ሰሚው የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው፣ ከገበያ ቀን በፊት። ተማሪው እናቲቱን ይዞ ይሄዳል። እኔም ሐሙስ ማታ ደውዬ ምን እንዳሉ እጠይቃለሁ ብያታለሁ።